ከክፍሉ አይወጣም

«የኔ ቆንጆ፣ እዚህ የምንነጋገረው ከክፍሉ አይወጣም» አለች አማካሪዋ ድምፅዋን አለስልሳ። ልጅቷ ብድግ ብላ የበሩን እጀታ ያዘች። የእናቷን እኩያ ሆን ብላ አንቺ እያለች፣ «የኔ ቆንጆ አትበይኝ። ባለፈው የነገርኩሽን እናቴ በዚያው ቀን ሰምታ ክኒኖቼን ቆልፋብኛለች» አለቻት።

የአማካሪዋ ፊት ቀላ። ያ ለስላሳ ድምፅም ጠፋ። «አዎ፣ ነግሬያታለሁ። እንዳትሞቺ ፈርቼ ነው፤ ዛሬም ከፈራሁ እነግራታለሁ። አይወጣም ያልኩሽ ውሸት ነው። ከፈለግሽ ጥዪኝ።»

ልጅቷ በጥላቻ አፈጠጠችባት፤ እጀታውን ግን አላዞረችውም።

«እንግዲያው ይንገሯት» አለች በመጨረሻ። «ያላገኘቻቸውም አሉ። ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው።»