የዘገየው በር

ቅዳሜ ጠዋት መርዕድ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ የገዛ ቤቱ በር ደጅ አቆመው። ከቆይታ በኋላ ነው የተከፈተለት።

«ይሄ በር እንደኔ አረጀ መሰለኝ» አለ እየሳቀ። «ቅድም ልጃችን ትርሲትንም እንዲሁ አቁሟት ነበር።»

ሚስቱ ውባለም ከወንበሯ ብድግ አለች። አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ማከማቻ፣ ያስቀመጠውን የሰዎች መረጃ የምታደራጀው እሷ ናት፤ የከተማው በሮችም ሰው የሚለዩት ከዚያው መረጃ ነው። ስርዓቱ ቤት ውስጥ የሚወራውን ሁሉ እየሰማ፣ በቅርቡ ይሞታል ያለውን ሰው መረጃ ሩቅ ወዳለው ርካሽ ማከማቻ ያወርደዋል። ከዚያ ለማምጣት ጊዜ ስለሚወስድ በሩ ይዘገያል። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ነች።

አባትና ልጅ ደግሞ ከምሳ በኋላ በመኪና ሐዋሳ ሊወርዱ ነው።

«በሞቴ፣ ዛሬ የትም አትሄዱም!» የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ነጠቀችው። «ፍሬኑ ይታይ። ጋራዥ እኔው እወስደዋለሁ።»

«ምን ነካሽ አንቺ ሴት?»

ሁለቱንም እየጎተተች ደጅ አወጣቻቸው። «በሉ አሁን ግቡ።»

በሩ ለመርዕድ ወዲያው ተከፈተ። ለትርሲትም እንዲሁ። ውባለም «ተመስገን!» ብላ ተከተለቻቸው።

በሩ ግን ተዘግቶ ጠበቃት። የመኪናውን ቁልፍ በእጇ እንደጨበጠች ደጅ ቆማ ቀረች።