ለእንግዳ የታጠበ ጅረት

የመንገድ ሥራው ፎርማን ጎንበስ ብላ ከመንገዱ ሥር ባለው የውሃ ማሳለፊያ ውስጥ ስታይ ክው አለች። ትናንት አመሻሽ ላይ ደርድራው የሄደችው ድንጋይ የለም። ጠጠሩም የለም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ባዶ ሲሚንቶ ብቻ ያብረቀርቃል፤ ጅረቱም በላዩ ላይ ስስ ሆኖ ይንሸራተታል።

«እንዴት ነው? አማረ አይደል?» አሉ አባቷ ከኋላዋ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ መጥረጊያቸውን እንደ ጠብመንጃ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል። ከጎናቸው ልብስ ሰፊው፣ ዳቦ ጋጋሪዋና ግማሹ የሰፈር ሰው አለ። ሁሉም በስብሷል፤ ሁሉም ምስጋና ይጠብቃል።

«አባዬ፣ ድንጋዩን የት አደረጋችሁት?»

«ያንን ሁሉ ኮተት? ጠርገን አወጣነው እንጂ! እንግዳ እየመጣ እንዴት እንዲያ ተዝረክርኮ ይታያል? ከጎህ ጀምረን ስንፈትግ ነው ያረፈድነው።»

ፎርማኗ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣባት። ይህ ሰፈር እንግዳ ይመጣል ከተባለ አጥሩን ሳይቀር የሚያጥብ ሰፈር ነው። አባቷ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ግድግዳ ሲለስኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሸካራ ነገር ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል።

የዛሬዋ እንግዳ ግን ግድግዳ ልታደንቅ አይደለም የምትመጣው። ለከልቨርቱ፣ ጅረቱን ከመንገዱ ሥር ለሚያሳልፈው ግንባታ፣ ማሠሪያ የመንግሥት ድጋፍ የሰጠው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ናት። ባለፈው ክረምት ጎርፉ አሮጌውን ጠባብ ቱቦ ከነመንገዱ ጠራርጎት ሲሄድ አውቶቡስ ወደ ሰፈሩ መግባት አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ተማሪው ኮረብታውን በእግሩ ይዞራል፣ ሕመምተኛውም በሰው ትከሻ ይወጣል። ተቆጣጣሪዋ ዛሬ «ይከፈት» ካላለች ተመልሳ የምትመጣው ከክረምቱ በኋላ ነው።

ድጋፉም የተሰጠው ቃል ተገብቶበት ነበር፦ ጅረቱ ከመንገዱ ሥር ሲያልፍ ወለሉ የራሱ ድንጋይና የራሱ ጠጠር እንዲሆን። በልሙጥ ሲሚንቶ ላይ ውሃው ይፈጥናል፤ ዓሣው ሽቅብ መውጣት ያቅተዋል፤ መውጫው ላይ ያለው አፈርም እየተቦረቦረ ሄዶ ሄዶ መንገዱን ይዞት ይወርዳል። ፎርማኗ ይህን ለሠራተኞቿ እስኪሰለቻቸው ነግራለች። ለሰፈሩ ግን የነገረ የለም።

አሁን ባጭሩ ነገረቻቸው። የአባቷ መጥረጊያ ከትከሻቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ጉድ ሠራሁሽ በይኛ፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው እንዲህ ሲያንስ ሰምታ አታውቅም።

«ገና አልመጣችም» አለች እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ድንጋዩ የት ነው?»

«እዚያ፣ የጅረቱ መታጠፊያ ጋ ከምረነዋል።»

«በሉ ተሰለፉ! ትልልቁ ይቅደም!»

ከመታጠፊያው እስከ ከልቨርቱ አፍ ሰው በሰው ሆነ። ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ይመጣል፣ ፎርማኗና አባቷ ውስጥ ቆመው ይቀበላሉ። ልብስ ሰፊው ምላሱ አላረፈም። «ጠዋት ማውጣት፣ ረፋድ ላይ ማስገባት! እኛ ሰፈር ሥራ ጠፋ የሚል ሰው ይምጣና ይየን!»

«ዝም ብለህ አቀብል!» አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ። «አፍህ ድንጋይ አይሸከም!»

አባቷ ድንጋዮቹን አንድ ባንድ እያሻሹ በመስመር ይደረድሩ ጀመር። «አባዬ፣ አያስተካክሉት! ዝብርቅርቅ ይበል።» ሰውዬው ከልባቸው እየተቃጠሉ አዘበራረቁት።

ጠጠሩ እየፈሰሰ ሳለ ከላይ የመኪና በር ተዘጋ። ተቆጣጣሪዋ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ቆማ ቁልቁል አየቻቸው። ሰልፉ እንዳለ ደረቀ። ልብስ ሰፊው የያዘውን ድንጋይ ከኋላው ደበቀ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

አባቷ ከሁሉም ቀድመው ወጡ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የልጄ አይደለም። እርስዎ ይመጣሉ ብለን አጠብነው።»

«ምኑን?»

«ወንዙን።»

ተቆጣጣሪዋ ፊቷን ለማኮሳተር ብትሞክርም ከንፈሯ አልታዘዝ አላት። ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ ወረደች። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በእግሯ እየገፋች፣ ውሃው በመካከላቸው ሲዞርና ሲያንጎራጉር እያዳመጠች ገባች። ፎርማኗ ተከተለቻት። መሃል ላይ ሲደርሱ ተቆጣጣሪዋ ቆመች።

«እዚህ ጋ ይጎድላል» አለች።

ፎርማኗ ለማስረዳት አፏን ከፈተች።

ተቆጣጣሪዋ ግን እጇን ወደ ኋላ ዘርግታለች። «ምን ትጠብቃላችሁ? አቀብሉኛ!»

ድንጋዩ ከመታጠፊያው ተነሥቶ በዚያ ሁሉ እጅ አልፎ መጣ፤ ተቆጣጣሪዋ ተቀብላ በጉልበቷ ተንበርክካ ራሷ አስቀመጠችው። በእግሯ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። ንቅንቅ አላለም። ቀና ብላ ወደ መንገዱ ጮኸች።

«ይከፈት!»

ላይ ያሉት ሠራተኞች መንገዱን የዘጋውን እንጨት ሲያነሡት ተሰማ። ለመክፈቻው መጥቶ ከተቆጣጣሪዋ መኪና ጎን ሞተሩን አስነሥቶ ይጠባበቅ የነበረው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። ጎማው ከራሳቸው በላይ ባለው ጣሪያ ላይ ሲወጣ ግድግዳው ጎርነን ያለ ድምፅ አወጣ እንጂ አቧራ እንኳ አላራገፈም። ዳቦ ጋጋሪዋ እዚያው ከመንገዱ ሥር እልልታዋን ለቀቀችው። የቀሩትም ተቀበሏት፤ አባቷ እያለቀሱ ያጨበጭባሉ።

ፎርማኗ ልታይ ወደ ውጭ ሮጠች። አውቶቡሱ መንገዱ መሃል ላይ ቆሟል። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ወዲህ ይላል ወዲያ ይላል፣ ይህ ሁሉ እልልታ ከየት እንደሚመጣ ይፈልጋል።