የሻንቶዋ ሴት

ሳሚ ሰው የሚሸሽ ዓይነት አልነበረም። ግብርና ቢሮ ይሠራል፣ ሰላምታ አያጓድልም፣ ለቅሶ ይደርሳል። ነገር ግን የዓመት ፈቃድ ባገኘ ቁጥር ቦርሳውን ያዝልና ከኦሞ ወንዝ ማዶ ያለው የፓርክ ጫካ ብቻውን ይገባል። ብቻውን! ሶዶ ውስጥ ገበያ እንኳ ጎረቤት ተጠርቶ ነው የሚኬደው።

"ምን ልታደርግ ነው?" ይሉታል።

"ጫካውን ላይ።"

"ጫካ ደግሞ ምኑ ይታያል?"

አንድ ጊዜ ፎቶ አሳጥቦ አመጣ። ሰፈሩ ተሰብስቦ አየ። ዛፍ፣ ሐረግ፣ ጉሬዛ፣ እንደገና ዛፍ። በመጨረሻ ራሱ ሳሚ፣ ቤት የሚያክል ግንድ ሥር ቆሞ ይስቃል። ጎረቤቱ አሳየሽ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞረችው።

"ብቻዬን ነበርኩ አላልክም?"

"ብቻዬን ነበርኩ እትዬ።"

"ታዲያ ይሄን ማን አነሳህ?"

ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ በራሱ እንዲያነሳ አድርጎ፣ ሮጦ እንደቆመ አስረዳ። ሴቶቹ ተያዩ። ሚስቱ ማክዳ ፎቶዎቹን ሰበሰበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ፎቶ አንሺዋን መፈለግ ያዘ።

የተገኘችው ሻንቶ ነው። ያገኛትም ደገፉ ነው። ደገፉ በሻንቶ መስመር ሚኒባስ ይነዳል፤ ከመንገዱ ማዶ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ መዝሙር የሚመራ ጨዋ ሰው ነው። ወሬ አይወድም፤ አሳየሽ ለምና ለምና ነው ያወጣጣችው።

"እኔ ነገር አላመላልስም እትዬ" አለ። "ብቻ ኦሞ እሄዳለሁ ባለ ቀን ሻንቶ አውርጄዋለሁ። ቀይ ሴት ተቀበለችው። ልጅ አዝላ ነበር።"

ሻንቶ ወዲህ፣ ኦሞ ወዲያ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል።

ማክዳ ሰምታ አለቀሰች። "አልናገረውም" አለች። "ይሂድ። መሄዱን አልከለክለውም።" ሰፈሩ በትዕግሥቷ ተደነቀ።

በዚያ ዓመት ጊፋታ ሲቃረብ፣ ወላይታ ሁሉ ለዘመን መለወጫው ከያለበት ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ሳሚ ወጣ። "ለበዓሉ እደርሳለሁ" አለ። ቦርሳውን ማክዳ ራሷ አዘጋጀችለት፤ ቆሎ፣ ሹራብ፣ የእጅ ባትሪ። አጎበሩ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ስለነበር "እርጥብ ነገር አትሸከም" ብላ ተወችው። ደገፉ እስከ መናኸሪያ ሸኘው።

ለበዓሉ ደረሰ። ጭጋጉ ሳይነሳ ጫካው ውስጥ መግባቱን፣ ዛፎቹ ላይ ለላይ ተያይዘው ፀሐይ መሬቱን እንደማትነካው፣ የዝሆን ፋንድያ ገና ሲጨስ አግኝቶ እዚያው ቁጭ ብሎ እንደጠበቀ አወራ። ዝሆኖቹ ሲመጡ ድምፅ አልነበራቸውም።

"ያን የሚያክል ነገር አንዲት ቅጠል ሳይሰብር!" አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ሲያፈቅር አየሽልኝ?" አለች አሳየሽ አጠገቧ ላለችው።

ክንዱና አንገቱ ተበልቷል። "ትንኝ ነው" አለ።

"ጥርስ ያላት ትንኝ!" አለች አሳየሽ። ጊፋታ በዚህ ሳቅ አለፈ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ሳሚ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርድ ልብስ ቢደራረብበት አልሞቅ አለ፤ ደግሞ ወዲያው እንደ እሳት ነደደ። "ወባ ነው" አለ። "ዱቦ ሆስፒታል ውሰዱኝ።"

ሰፈሩ ግን በሽታውን አውቆታል። ለበዓሉ ወደ ሚስቱ ልመለስ ስላለ ያቺ የሻንቶዋ መድኃኒት አብልታዋለች።

"የሴት መድኃኒት ደግሞ መርፌ ከነካው አለቀለት" አለ ደገፉ አንገቱን ደፍቶ። "የአጎቴ ልጅ እንደዚያ ነው ያለፈው።"

ይሄንን የማያውቅ የለም። አሳየሽም በመርፌ የሞቱ ሁለት ሰዎች ጠቀሰች።

የባለሱቁ ሚስት ዘይነባ ብቻ ተከራከረች። "እኔ ቆላ ነው ያደግኩት፤ ይሄ ወባ ነው! ሚኒባሱ ደጅ ቆሞ የለም እንዴ? አንሱትና ሂዱ!"

"ዘይነባ፣ አንቺ ስኳርሽን መዝኚ" አለቻት አሳየሽ።

ማክዳ በሩ ላይ ተዘረጋች። "ለመርፌ ከዚህ ቤት አይወጣም! ባሌን ልትገድሉብኝ ነው?" ሴቶቹ አቅፈው አባበሏት። ዘይነባ እየተራገመች ወጣች።

በማግስቱ ሳሚ የአሳየሽን እጅ ያዘ። እጁ ያቃጥላል።

"እትዬ፣ ሴት የለችም። ጌታ ያውቃል፣ የለችም። ውሰዱኝ።"

"ተናዘዝ፣ ይለቅሃል" አለችው። "ስሟን ብቻ ንገረን።"

ስም ሳይናገር ሞተ።

ድንኳን ተተከለ። ደገፉ እንደ ወንድም ሆኖ ወንበር ይደረድራል፣ እንግዳ ያስቀምጣል። ማክዳ ደረቷን እየመታች ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። አሳየሽ ግን ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቦታ ይዛ የሚገባውን ፊት ሁሉ ታጣራለች። የወለደች ውሽማ ከለቅሶ አትቀርም፤ ልጁን ለሟች ዘመድ ለማሳየት ትመጣለች።

መጣችም። ከሻንቶ ሚኒባስ ወርዳ፣ ቀይ፣ ልጅ ያዘለች፣ ቤቱን እየጠየቀች።

ገና ድንኳኑ ጋ ሳትደርስ ሴቶቹ ከበቧት። አንዷ ሻሿን ገፈፈች፣ አንዷ ጸጉሯን ጨበጠች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ጮኸ። ምራቅ ፊቷ ላይ አረፈ።

"ገድለሽው ደግሞ ልታለቅሺለት መጣሽ?" አለች አሳየሽ።

"ማንን?" አለች ሴትዮዋ። "እኔ ባሌን ደገፉን ፍለጋ ነው የመጣሁት፤ ባሏ ጫካ በሄደ ቁጥር ማክዳ የምትባል ሴት ጋ ያድራል አሉኝ።"