ሦስት እልልታ

ጉግሳ ለሚስቱ ለፍቅርአዲስ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነግሯታል፤ አራተኛ ልጃቸውም ሴት ከሆነች ቤቱን ለሌላ ሴት ትለቃለች። ሌላዋ መልካ ጀብዱ ውስጥ ሻይ ቤት አላት። ጉግሳ በሚኒባሱ ሲመላለስ ነው የተዋወቃት፤ ሚስት እንዳለው እያወቀች ቁርጡን ትጠብቃለች።

ሦስቱም ልጆቹ ሴቶች ናቸው። ለመጨረሻዋማ ስም ለማውጣት እንኳን አልተጨነቀም፤ ያወጣችላት ጎረቤታቸው አዋላጇ በድሪያ ናት።

በድሪያ የሰፈሩን ሙስሊምም ክርስቲያንም ታዋልዳለች። በእነጉግሳ ቤት ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። በድሪያ ይህን ከባለቤቶቹ ባልተናነሰ ታውቃለች፤ ተሳስታም አታውቅም።

ያን ቀን ምጡ ሲበረታ ወደ ግቢው ብቅ አለች።

«ሆስፒታል እንውሰዳት።»

«ሦስቱን የት ወለደቻቸው?» አሉ የጉግሳ እናት ጥሩወርቅ። ለአዋላጅ ምጥ ማስተማር ነበር፤ ቤቱ ግን የእሳቸው ነው።

«አቦ ጉግሳ፣ እንግዲያው መኪናህን ከደጅ እንዳታርቃት» አለች በድሪያ።

«እሺ።»

እናትና ልጅ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ጥሩወርቅ በግ አስመጥተዋል፤ ወንድ ካልሆነ ሊመልሱት ከነጋዴው ጋር ተስማምተዋል።

ሕፃን አለቀሰ። ጉግሳ ብድግ አለ።

«እልልልል!» አለች በድሪያ። ሁለተኛው ተከተለ፤ ሦስተኛውም። ከዚያ ጸጥ አለ።

«አላልኩህም?» አሉ ጥሩወርቅ። «የተረገመ ማህፀን!» በጉን እየጎተቱ ከግቢ ወጡ።

ጉግሳ ቁልፉን አነሳ።

«ጉግሳ! ያ ጉግሳ!» እያለች በድሪያ ከውስጥ ስትጮህ ሰማት። ልጅህን ና ሳም ልትለው መሰለው።

«ተዪኝ እባክሽ!» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

የደቻቱን ድልድይ ሲሻገር ስልኩ ጠራ፤ ዘጋው። እውነቱን ለመናገር ቀለል ብሎታል፤ ከእንግዲህ ማንም አይወቅሰውም። መልካ ጀብዱ ደርሶ ለሻይ ቤቷ ሴት «ነገ ዕቃሽን ጠቅልይ» አላት። እሷም እየሳቀች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

በዚያው ሰዓት በድሪያ አራተኛውን እልልታ ያቋረጠባትን ደም ማቆም አቅቷት የፍቅርአዲስን ዓይኖች ከደነች፤ ከዚያ ወንዱን ልጅ ከእናቱ ደረት ላይ አነሳችው።