ልብስ ሰፊው ማንን ተሸክሞ ወረደ?

"እማዬ፣ አንገቴን ያዢኝ! አጥብቀሽ ያዢ!"

ልብስ ሰፊው ይጮሃል...

መብራት ጠፍቷል። ደረጃው ላይ ዓይን ቢወጉ አይታይም። ከጣሪያው የረገፈው አቧራ ጉሮሮ ይዘጋል።

መሬት ተንቀጥቅጣ ካቆመች ገና ብዙም አልቆየም።

ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲተም እሱ ብቻ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር።

የስፌት ሱቁ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሱሪ እያሳጠረ ሳለ ግድግዳው ተወዛወዘ... መቀሱን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ፣ ግን ወደ ሦስተኛ ፎቅ!

ምክንያቱም እናቱ እዚያ ናት። ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል። ከሰዓት ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የምትውለው።

በዳሰሳ ወንበሯን አገኛት። እጁ ጨርቅ ነካ... ራሱ የሰፋላት ወፍራም የከፋይ ቀሚስ!

ሰውዬው ጨርቅ በእጁ የሚያውቅ ነው። በቃ፣ አፈፍ አድርጎ አዘላት።

እሷ ቃል አልተነፈሰችም። አንገቱን ግን አጥብቃ ያዘች።

እንዴት እንደወረደ ፈጣሪ ይወቀው...

ውጭ ያለው ደግሞ ሌላ ቲያትር ነው።

አንዱ ፎጣ አገልድሞ፣ የሳሙናው አረፋ ጭንቅላቱ ላይ እንዳለ ቆሟል። አንዷ የድስት ክዳን ታቅፋለች። ድስቱስ? እሷም አታውቅም።

"መኪና ነው የገጨን?"

"ሲሊንደር ነው የፈነዳው!"

"ኧረ መሬት ነው የተንቀጠቀጠው!"

"እኔ እኮ ግፊቴ የተነሳ መስሎኝ ኪኒን ስፈልግ ነበር..."

ልብስ ሰፊው የተሸከማትን ሴት ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

"እማዬ፣ ደህና ነሽ?" ብሎ ዞር ሲል...

እናቱ አይደለችም!!!

ጎረቤታቸው ናቸው። የሕንፃው ሰው "እማማ ሬዲዮ" የሚላቸው... ከጠዋት እስከ ማታ አፋቸው አያርፍም። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ከእናቱ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ሲያወሩ ነው የሚውሉት።

ቀሚሱስ? የሳቸውንም የሰፋው እሱ ነው። እናቱ "ለኔ ብቻማ አይሆንም" ብላ አላስቀምጥ ስላለችው፣ ከዚያው ጨርቅ ለሁለቱም ሰፋ።

ፊቱ አመድ መሰለ።

"እናቴስ? እናቴ የታለች?!"

"መጸዳጃ ቤት ብላ ገባች... ከዚያ መሬቱ... አላውቅም ልጄ..."

"እማዬ እያልኩ ስጠራዎት ምነው ዝም አሉኝ?! ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ አይደል የሚውሉት! ዛሬ ምላስዎን ምን ያዘው?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

እማማ ሬዲዮ አንገታቸውን ደፉ።

"እናትህ አለመሆኔን ካወቅህ... ከጀርባህ ታወርደኛለህ ብዬ ፈራሁ።"

እሱ ወደ ሕንፃው ዞሮ ሮጠ። የሚቆምበት ጊዜ አልነበረም። እናቱ ከላይ ናት!

"ወዴት ነው? ይደገማል እኮ!" ብሎ ዘበኛው እጅጌውን ያዘው። እጅጌው ተተርትሮ ዘበኛው እጅ ላይ ቀረ...

ደረጃውን እንደጀመረ እውነትም ተደገመ። ውጭ ያለው ሰው "ወይኔ!" ብሎ ቁጭ አለ።

እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቀና እንደገና ወጣ።

"እማዬ! እማዬ!"

ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ የሆነ ነገር ደረጃው ላይ ሲንፏቀቅ ሰማ።

"ማነህ? እንዳትረግጠኝ!"

እናቱ ናት! በቂጧ እየተንሸራተተች፣ አንድ አንድ ደረጃ ትወርዳለች። በእጁ ሲዳስሳት ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ሁሉ ነገሯ አቧራ ነው።

አቅፏት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"እማዬ ይቅር በይኝ... አንቺ መስለሽኝ... ሌላ ሰው ተሸክሜ ወረድኩ!"

"አውቃለሁ" አለችው።

"እንዴት ታውቂያለሽ?"

"ከመጸዳጃ ቤት ወጥቼ በራችን ላይ ወድቄ ነበር። 'እማዬ፣ አንገቴን ያዢኝ' ስትላት ሰምቼሃለሁ።"

ልብስ ሰፊው ግራ ገባው። ጆሮውን ማመን አቃተው።

"ሰምተሽ?! ታዲያ 'ልጄ፣ እዚህ ነኝ' አትይም?!"

"ብልህ ምን ልታደርግ?"

በቀረችው እጅጌው የፊቷን አቧራ ጠረገላት...

"አየህ፣ እሷን አስቀምጠህ እኔን ታነሳ ነበር። አልፈርድብህም፣ ልጄ ነህ። ግን እኔ ተመልሶ የሚመጣልኝ ሰው አለኝ። ለሷ ማን ይመለስላታል?"

እሱ አሁንም እንደቆመ ነው።

"ምን ትገተራለህ? እዘለኝ እንጂ፣ ቂጤ ተላጠ!"

ወዳጆቼ...

ይህን የነገረኝ ራሱ ልብስ ሰፊው ነው። እስካሁን ግራ እንደተጋባ ነው። "እማማ ሬዲዮ እውነቱን ደረጃው ላይ ቢነግሩኝ ከጀርባዬ አወርዳቸው ነበር ወይ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። አላወርድም ለማለት አፌ እምቢ ይለኛል" ይላል።

 እኔ ደግሞ የእናቱን 'ለሷ ማን ይመለስላታል?' እስካሁን አልረሳሁትም።

ትምህርቱ ምንድን ነው ካላችሁኝ... በጭንቅ ሰዓት ቀድሞ የራስን ሰው ማሰብ ነውር አይደለም። ግን "የራሴ" የሚለው የሌለውም ሰው አጠገባችን ይኖራል። ፎቃችሁ ላይ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ማንም የማይመለስለት ሰው ካለ፣ መሬት እስክትንቀጠቀጥ አትጠብቁ። ዛሬ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ...

እናታችሁ ከላይ ቀርታ፣ ጀርባችሁ ላይ ያሉት ሴትዮ ደረጃው መሃል "ልጄ፣ እኔ እናትህ አይደለሁም" ቢሏችሁ... እዚያው አውርዳችኋቸው ትመለሳላችሁ?

"በፍፁም!" ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ። ኮሜንት ላይ እውነቱን ብቻ ንገሩኝ።