የመድረኩ አባት ካፖርት

ልብስ ሰፊው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ስለ ጭፈራ የተሠራ ሙዚቃዊ ቲያትር እንዲያይ ጎትታ ያመጣችው ሚስቱ ናት።

«ትከሻ ሲነቀነቅ ለማየት ትኬት ይቆረጣል? ሰርግ ቤት በነፃ፣ ያውም ከነጥሬ ሥጋው!»

«ዝም ብለህ እይ፣ አንተ ሰውዬ!»

መድረኩ ላይ አንዲት ልጅ እስክስታ ትወርዳለች። አባቷ «እኔ አዝማሪ አልወለድኩም!» ብሎ ከቤት ሲያባርራት ተመልካቹ ሳቀበት። ልብስ ሰፊውም ከሁሉ አስበልጦ ሳቀ።

«ወይ ደራሲ! እንዲህ ያለ ድንጋይ አባት የት አይተው ነው?»

ተዋናዩ ዞር ሲል ግን ካፖርቱን አየው። በገዛ እጁ የሰፋው፣ ክረምቱን ሙሉ ቤቱን ሲያምስ የፈለገው ካፖርት ነበር።

«ማን ሰጣቸው?»

«እኔ» አለች ሚስቱ። «ማኅደር ናት የደረሰችው፤ ያባረርካት ልጅህ። ስትለምነኝ እንዴት እምቢ ልበላት?»

ብርቱካኑን ሳይበላው ቲያትሩ አለቀ።

ከመድረክ ጀርባ ማኅደር ስታየው «አባዬ» ብላ ቆማ ቀረች። እሱ ካፖርቱን ከተዋናዩ ተቀብሎ፣ ከራሱ ኮሌታ ሥር የማትጠፋውን መርፌ መዘዘ።

«ቁልፉ ሊወድቅ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ነገም ትጫወቱ የለ?»

ሰፍቶ ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ካፖርቱን መስቀያው ላይ መልሶ ሰቀለው።