የሚቀድመው «ይማርሽ»

ጉንፋንና ተቅማጥ የይርገዱን ሕፃን ልጅ ማርያማዊትን እንደ ተውሶ በሬ በተራ ይጠምዷታል። ይህስ የፎገራ ልጅ ሁሉ ዕጣ ነው። ይርገዱን ያንገበገባት ከአጥሩ ማዶ የሚሰማው «ይማርሽ!» ነው። ሁልጊዜ ቃሉ ይቀድማል፤ ማስነጠሱና ትኩሳቱ ይከተላል።

አንድ ረፋድ ልጇን አዝላ፣ ትሁን የምትባለው ጎረቤቷ ሩዝ ወደምታሰጣበት ግቢ ዘው አለች።

«አንቺ ምላሰ ጥቁር፣ ልጄን ልቀቂ!»

«እኔ ምን አልኩ? ይልቅ ንፍጧን ጥረጊላት!» አለች ትሁን፣ መንሹን እንደያዘች።

«ይማርሽ!» አለ ድምፁ። የትሁን አፍ ግን ግጥም ብሎ ነበር።

ማርያማዊት አስነጠሰች።

ሁለቱ ሴቶች ስድባቸውን ውጠው ዞር ዞር አሉ፤ ከተሰጣው ሩዝ በቀር ማንም የለም።

ድምፁ አሁን ከመሃላቸው መጣ።

«ነፍሷን ይማር» አለ።